የአልትራሳውንድ ምርመራ በሆድ ጉዳት ሕክምና፤ ጥቅሙና ወሰኑ

በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




በዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ድንገተኛ አደጋ የደረሰባቸውን ሰዎች ሆድ በአልትራሳውንድ ስለ መመርመር ነው። ነገሩ ለአብዛኞቻችሁ እንግዳ አይደለም። ከመካከላችሁም ይህን ምርመራ ከእኔ አብልጣችሁ የምታውቁ፣ ለወጣት ሐኪሞችም የምታስተምሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ የዛሬው ሐሳቤ ስለ መሣሪያው አዲስ ነገር ለማስተማር ሳይሆን፣ መሣሪያው የሚነግረንን እንዴት እንደምንሰማውና እንዴት እንደምንጽፈው ለማሳሰብ ነው። ይህንንም ከራሴ ስሕተት እጀምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የዞን ከተማ ሆስፒታል ተረኛ ሐኪም በነበርሁበት ምሽት፣ ዕድሜው በሃያዎቹ መጀመሪያ የሚገመት አንድ የቀን ሠራተኛ በቃሬዛ ተይዞ መጣ። በእህል ጭነት ላይ ተቀምጦ ሲጓዝ ከአይሱዙ መኪና ወድቆ በግራ ጎኑ ድንጋይ ላይ አርፎ ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ስንቀበለው የልብ ትርታው በደቂቃ 96፣ የደም ግፊቱ 110 በ70 ነበር። አእምሮው ሙሉ ነው፤ ይናገራል፤ ግራ ጎኑን ብቻ ያመዋል። መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር ተረኛዋ ነርስ የእጅ ባትሪ ይዛልኝ በባትሪ በሚሠራው ትንሽ አልትራሳውንድ መረመርሁት። አራቱንም ቦታዎች አየሁ፤ የፈሰሰ ደም አላገኘሁም። በካርዱ ላይ «ሆድ በአልትራሳውንድ ታይቶ ነጻ ነው» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ። ሰዓቱን እንኳ አልጻፍሁም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ተራዬን አስረክቤ ወደ ማደሪያዬ ሄድሁ።

የተረከበኝ ባልደረባዬ እኩለ ሌሊት ላይ የልጁ ትርታ 118 መድረሱ ሲነገረው ካርዱን ገለጠ። ሆዱ ነጻ መሆኑን አነበበ። ሕመሙ ከጎድን አጥንት ስብራት የመጣ መስሎት ማስታገሻ አዘዘ። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም፤ የተጻፈውን አመነ፤ የጻፍሁትም እኔ ነበርሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነርሷ እንደገና ጠራችው። ትርታው ከ130 አልፏል፤ እጅና እግሩ ቀዝቅዘዋል፤ አብሮት ያደረው ታላቅ ወንድሙም «መልኩ ተለወጠብኝ» እያለ ይማጸናል። ባልደረባዬ ካርዱን ቢያሳያት፣ «ዶክተር፣ ይህ የታየው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ አሁን ሌሊቱ ስምንት ሆኗል» አለችው።

መሣሪያው ተመልሶ መጣ። በጣፊያው ዙሪያ፣ እንዲሁም በጉበቱና በቀኝ ኩላሊቱ መካከል ደም ሞልቶ ታየ። ልጁ ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ገባ፤ የተሰነጠቀው ጣፊያ ወጣ፤ ከሆዱም ወደ ሁለት ሊትር የሚጠጋ ደም ተቀዳ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ። ነገር ግን ያተረፈችው በእኔ ጽሑፍ ሳትረታ የቀረችው ነርስ ናት።

ነገሩን በኋላ ደጋግሜ ሳስበው፣ ስሕተቴ የት ላይ እንደ ነበረ ተረዳሁ። በ2 ሰዓት የሚታይ ደም አልነበረ ይሆናል፤ ስለዚህ ያየሁት በሚገባ ታይቶ ሊሆን ይችላል። የተሳሳትሁት ያላየሁትን ነገር «የለም» ብዬ በመጻፌ ነው። «ደም አልታየም» እና «ሆዱ ነጻ ነው» በሚሉት ሁለት አባባሎች መካከል ያለው ርቀት ያን ሌሊት የአንድ ሰው ሕይወት ያህል ነበር። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ በዚህ ርቀት ላይ ያተኮረ ነው።

ለመሆኑ ይህ ምርመራ የሚጠይቀው ጥያቄ ምንድን ነው? መሣሪያው የሰው ጆሮ ሊሰማው ከሚችለው እጅግ የላቀ፣ ለሆድ ምርመራ በሴኮንድ ከ2 እስከ 5 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ የድምፅ ሞገድ ወደ ሰውነት ይልካል፤ የሚመለሰውንም አስተጋብኦ ወደ ሥዕል ይለውጣል። ጉበትና ጣፊያን የመሰሉ አካላት ድምፁን በከፊል ስለሚመልሱ ግራጫ ሆነው ይታያሉ። ፈሳሽ ግን ድምፁን አሳልፎ ስለሚሰድ ጥቁር ይሆናል። አዲስ የፈሰሰ ደምም እንዲሁ ጥቁር ሆኖ ይታያል። እንግዲህ «ፋስት» ተብሎ የሚጠራው አጭር ምርመራ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም፣ ሊኖር በማይገባው ቦታ አሁን ጥቁር ፈሳሽ አለን? የሚል ነው። ከዚህ ያለፈ ጥያቄ አይጠይቅም፤ ስለዚህም ከዚህ ያለፈ መልስ ልንጠብቅበት አይገባም።

የሚታዩት ቦታዎች አራት ናቸው። የመጀመሪያው በቀኝ በኩል በጉበትና በኩላሊት መካከል ያለው፣ የሞሪሰን ከረጢት የሚባለው ስፍራ ነው። ሰው በጀርባው ሲተኛ ከላይኛው የሆድ ክፍል ዝቅ ያለው ቦታ ይህ ስለሆነ ደም ወደዚያ ይወርዳል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምናጠፋው ጥፋት መካከሉን አይተን መተዋችን ነው፤ የጉበቱን የታችኛውን ጫፍ ሳያዩ ቀኙን ጎን አይቻለሁ ማለት አይገባም። ሁለተኛው የግራው ጎን ነው። በዚህ በኩል ደሙ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በጣፊያና በኩላሊት መካከል ሳይሆን በጣፊያና በድያፍራም መካከል ስለሆነ፣ ፕሮቡን ወደ ላይና ወደ ኋላ መግፋት ያስፈልጋል። ሦስተኛው የዳሌው ውስጥ ነው፤ ፈሳሹ በሽንት ፊኛው ኋላ፣ በሴቶችም በማህፀኑ ኋላ ይታያል። የሞላ ፊኛ ለድምፁ መስኮት ስለሚሆን፣ ቢቻል ካቴተር ከመግባቱ በፊት መመርመር ይጠቅማል። አራተኛው ከደረት አጥንት ጫፍ በታች ሆኖ የልብን ከረጢት ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በካናዳ የታተመ ጥናት የደረት ምርመራን ከጨመረበት ወዲህ፣ ሳንባው ከደረት ግድግዳ ጋር መንሸራተቱንና በደረት ውስጥ አየር ወይም ደም አለመኖሩን መመልከት የምርመራው ተከታይ ሆኗል።

ምርመራው እዚህ የደረሰው በአንድ ቀን አይደለም። ቀድሞ የነበረው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ የተገለጸው የሆድ ዕቃ እጥበት ነበር። ከእምብርት በታች በምትደረግ ቀዳዳ ቱቦ ይገባና አንድ ሊትር ፈሳሽ ተጨምሮ ሲመለስ ደም መኖሩ ይታያል። እጥበቱ ጥቂት ደም እንኳ አያመልጠውም፤ ነገር ግን የሰውን ሆድ ይወጋል፤ ደጋግሞ ለማድረግም አይመችም። እ.ኤ.አ. በ1971 የዴንማርክ ሐኪሞች በጣፊያ ላይ የሚፈጠረውን የደም ቋጠሮ በአልትራሳውንድ መለየት እንደሚቻል አሳተሙ። ከዚያም የጀርመንና የጃፓን ቀዶ ሐኪሞች መሣሪያውን ከራጅ ክፍል አውጥተው ራሳቸው በድንገተኛ ክፍል ይሠሩበት ጀመር። «ፋስት» የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1996 ግሬስ ሮዚኪ በተባሉ አሜሪካዊት ቀዶ ሐኪምና በባልደረቦቻቸው ጽሑፍ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ምርመራው ልብንም የሚጨምር ስለሆነ በስሙ ውስጥ «የሆድ» የሚለው ቃል «ግምገማ» በሚለው እንዲተካ ተስማሙ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ለእኛ ሁኔታ የሚቀርበው የአርመንያው ነው። ኅዳር 28 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1988 በሰሜን አርመንያ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ቢያንስ 25 ሺህ ሰዎች አለቁ። ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ከገቡት 750 ቁስለኞች መካከል 400ው በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ በአልትራሳውንድ ተመረመሩ። ለአንድ ሰው የወሰደው ጊዜ በአማካይ 4 ደቂቃ ያህል ነበር። ከተመረመሩት ከ100 ወደ 13 በሚጠጉት ላይ ከአደጋው የመጣ የሆድ ጉዳት ተገኘ። በዚህ ጥናት ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባን አንድ ነገር አለ። ለ400 ሰዎች የተደረገው ምርመራ ብዛት 530 ነበር፤ ማለት ያ ሁሉ ቁስለኛ በር ላይ ተሰልፎ ሳለ እንኳ ደጋግመው የተመረመሩ ነበሩ። ሐኪሞቹ አንድ ጊዜ ማየት እንደማይበቃ በዚያ ጭንቀት ውስጥም አልዘነጉም።

ወደ ወሰኑ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የኮክሬን ግምገማ በርካታ ጥናቶችን አጠቃሎ፣ በሆድ ላይ ምት ደርሶባቸው የውስጥ ጉዳት ካላቸው 100 ሰዎች ምርመራው የሚለየው ወደ 68 የሚሆኑትን መሆኑን አሳይቷል። በአንጻሩ ጉዳት ከሌላቸው 100 ሰዎች 95ቱን በትክክል ጉዳት የለባቸውም ይላል። ትርጉሙ ግልጽ ነው። መሣሪያው «አለ» ሲል በአብዛኛው ሊታመን ይገባል፤ «አላየሁም» ሲል ግን ከሦስቱ ጉዳተኞች አንዱ በዚያ ቃል ስር ተሸሽጎ ሊቀር ይችላል። በሕፃናት ላይ ደግሞ የመለየት ኃይሉ ከዚህም ያንሳል።

የሚያመልጠው ለምንድን ነው? አንደኛ፣ ደሙ ገና ጥቂት ስለሚሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ ጥናት በሆድ ውስጥ ፈሳሽ በዝግታ እየተጨመረ መርማሪዎች በሞሪሰን ከረጢት መቼ እንደሚያዩት ሲፈተኑ፣ በአማካይ ያስተዋሉት መጠኑ 600 ሚሊ ሊትር ካለፈ በኋላ ነበር። ከ600 ሚሊ ሊትር በታች የሚደማ ሰው በሥዕሉ ላይ ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ደም የማያፈስስ ጉዳት አለ፤ የተበሳ አንጀት፣ የተቀጠቀጠ ቆሽት፣ በሽፋኑ ውስጥ ታፍኖ የቆየ የጣፊያ ስንጥቅ ለዚህ ምርመራ አይታዩም። ሦስተኛ፣ ከሆድ ዕቃ ሽፋን ጀርባ፣ በኩላሊትና በተሰበረ ዳሌ ዙሪያ የሚጠራቀም ደም ከአራቱ ቦታዎች ወደ አንዱም ላይመጣ ይችላል። አራተኛ፣ የረጋ ደም ጥቁርነቱን ትቶ ግራጫ ስለሚሆን ከጎኑ ያለውን አካል መስሎ ያታልላል። በአንጀት ውስጥ ያለ አየርና ውፍረትም እይታውን ይከልላሉ።

የተገላቢጦሹም ስሕተት አለ፤ ጥቁር የታየ ሁሉ ደም አይደለም። በአገራችን በቢልሃርዚያ ወይም በሌላ የጉበት ሕመም፣ በሆድ ቲቢም ምክንያት በሆዳቸው ውኃ የቋጠሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ያለው ሰው ከባጃጅ ቢወድቅ መሣሪያው ፈሳሹን ያሳያል፤ የማን ፈሳሽ እንደሆነ ግን አይናገርም። ጥርጣሬ በገባን ጊዜ በመርፌ ጥቂት ቀድቶ ማየት ያለ አግባብ ሆድ ከመክፈት ያድናል። በመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ደግሞ በሆዷ ደም ሲታይ፣ ከአደጋው ሌላ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ፈንድቶ ሊሆን እንደሚችል መርሳት አይገባም።

ይህን ሁሉ ከተናገርሁ በኋላ በሥራ ላይ ምን እናድርግ ለሚለው ጥያቄ በአራት ነጥብ ልመልስ።

የደም ዝውውሩ የተናጋ፣ በሆዱም ደም የታየ ሕመምተኛ ቦታው የቀዶ ጥገና ክፍል ነው። እርሱን ወደ ሲቲ ስካን ወይም ወደ ሩቅ ከተማ መላክ ብዙ ጊዜ በመንገድ ላይ እንዲሞት መፍረድ ነው። በአካባቢው ቀዶ ሐኪም ከሌለ፣ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሠለጠኑት ባለሙያዎቻችን የሚፈለጉት በዚህ ሰዓት ነው።

የደም ዝውውሩ የተናጋ፣ በሆዱ ግን ደም ያልታየ ሕመምተኛ ደሙን ሌላ ቦታ እያፈሰሰ እንደሆነ ይቆጠር። ደረቱ፣ ዳሌው፣ የጭን አጥንቶቹ፣ በልብሱና በቃሬዛው ላይ የቀረው ደምም ይታይ፤ ልቡና ሳንባው ይመርመር፤ ሆዱም ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ይደገም።

የደም ዝውውሩ የጸና፣ በሆዱ ደም የታየበት ሰው፣ ሲቲ ስካን በሚገኝበት ቦታ በእርሱ ይመርመር። በማይገኝበት ቦታ ትርታው እየጸና እስከ ዋለ ድረስ፣ ደምና ቀዶ ጥገና በቅርብ በተዘጋጁበት ስፍራ በጥብቅ ይጠበቅ፤ ወይም ከባለሙያ ጋር በጊዜ ይላክ።

የደም ዝውውሩ የጸና፣ ደምም ያልታየበት ሰው ለእኛ ከሁሉ የሚያሰጋው ነው፤ ምክንያቱም ወደ ቤቱ የምንሰደው እርሱን ስለሆነ ነው። የእኔም ሕመምተኛ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ለእርሱ የሚበጀው ሆዱን በእጅ ደጋግሞ መዳሰስ፣ ትርታውን በየጊዜው መቁጠር፣ አልትራሳውንዱንም መድገም ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የታተመ ጥናት የመጀመሪያው ምርመራ ጉዳት ካለባቸው 100 ሰዎች 31ን ብቻ ሲለይ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የተደገመው ምርመራ 72ን መለየቱን አሳይቷል። ከ4 ሰዓት በኋላ በተደገመ ምርመራ ደም ካልታየባቸው መካከልም በኋላ አሳሳቢ የሆድ መድማት የታየበት ሰው አልነበረም። ሲቲ ስካን በቅርቡ ለሌለው ሐኪም ከዚህ የበለጠ የሚያጽናና ቁጥር አላውቅም። አንድ ትንሽ መሣሪያ፣ ጥቂት ጄልና አንድ ሰዓት ካለን፣ የመጀመሪያው እይታ የነሣንን ሁለተኛው ሊመልስልን ይችላል።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንዳንድ ባልደረቦቼ እንዲህ ወሰኑ የጠበበ ምርመራ በጀማሪ ሐኪም ወይም በጤና መኮንን እጅ ቢገባ ጉዳቱ ያመዝናል፤ ስለዚህ ለራጅ ባለሙያዎች ብቻ ይተው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው፣ የደም ዝውውራቸው በጸና 925 ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት ምርመራው ለሕክምናቸው የጨመረው ጥቅም እንደሌለ ማሳየቱንም ይጠቅሳሉ። ጥናቱ እውነት ነው፤ ሊከበርም ይገባል። ነገር ግን የተደረገው ሲቲ ስካንና የሠለጠኑ ሐኪሞች በሞሉበት ሆስፒታል ነው። እኛ የምንጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የራጅ ባለሙያ በማይገኝበት ሆስፒታል ውስጥ መሣሪያው በእናቶች ክፍል ተቆልፎ ቢያድር፣ ያ ነርስ የጠራችው ሐኪም ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? በእኔ አስተያየት መፍትሔው መሣሪያውን ከሌሊት ተረኛው መከልከል አይደለም፤ ተረኛው የመሣሪያውን ወሰን ከጥቅሙ ጋር እንዲማር ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ይህን ሊያስተምሩ የሚችሉ ሐኪሞች አፍርተናል። የቀረው ትምህርቱን ከትልልቆቹ ሆስፒታሎች አውጥቶ እስከ ወረዳ ማድረስ ነው።

በመጨረሻም፣ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ገንዘብም ፈቃድም ሳያስፈልገን ልንፈጽመው የምንችለውን አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ነጻ ነው» የሚለውን ቃል ከካርዶቻችን እናውጣ። በምትኩ አራት ነገር እንጻፍ፤ የታየበትን ሰዓት፣ በሚገባ የታየውንና ያልታየውን ቦታ፣ የተገኘውን ነገር፣ የሚደገምበትንም ሰዓት። ለምሳሌ ያህል፣ «ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ10፤ በቀኝ ጎን፣ በዳሌና በልብ ዙሪያ ፈሳሽ አልታየም፤ ግራው ጎን በአየር ምክንያት በደንብ አልታየም፤ ከ2 ሰዓት ከ40 ላይና ትርታው በተለወጠ ጊዜ ሁሉ ይደገም» የሚል ጽሑፍ ከእኔ ቃል ጥቂት መስመር ይረዝማል። ሆኖም ተራውን የሚረከበውን ባልደረባ አያሳስትም፤ ነርሷም ሐኪሙን ለመጥራት ስትነሣ ካርዱ ራሱ ይደግፋታል።

ያ ወጣት ከሆስፒታል ሲወጣ ወንድሙ ወደ እኔ መጥቶ እጄን ስሞ አመሰገነኝ። ምስጋናው የማን እንደሆነ ልነግረው ሞከርሁ፤ በደስታው ብዛት የሰማኝ አይመስለኝም። ዛሬ በእናንተ ፊት የተናገርሁት ያን ቀን ሳልነግረው የቀረሁትን ነው።